በአሥር ከአርባ የወጣችው ፀሐይ

ጡረተኛው መሬት ቀያሽ ሞተው የተገኙት በቤታቸው ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ከማጅራታቸው ሥር የባትሪዎቹ መቀመጫ የብረት ጠርዝ አለ፤ ከበላያቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ የሶላሩን ኃይል ለቤቱ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር አይሠራም። ጣሪያው ላይ ስድስት የሶላር ሰሌዳዎች የቀትሩን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቤቱ ውስጥ ግን አንዲት አምፖል አትበራም።

ያገኟቸው ታናሽ እህታቸው ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ጨርቅ ሊገዙ ወጥተው ሰባት ሰዓት ላይ ሲመለሱ የስፌት መኪናቸውን ሰኩ፤ አልሠራ አላቸው። «ይኼ ሽማግሌ ዕቃ ዛሬም ደከመው» እያሉ የክፍሏን በር ከፈቱ። ጩኸታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

መርማሪዋ ስትደርስ ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር። አጭር፣ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጀርባዋ «እስቲ-ቆይ» ይሏታል፤ ሁሉም አለቀ ብሎ ሲነሳ እሷ «እስቲ ቆይ» ማለት ስለምትወድ።

ቀድሟት የደረሰው ሃምሳ አለቃ በር ላይ ተቀበላት። ፊቱ ላይ ሥራውን የጨረሰ ሰው እርካታ ይነበባል።

«ኢንስፔክተር፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያዛቸው ብዬ ነበር፤ ግን ገላቸው ላይ ቃጠሎ የሚባል የለም። የሞቱት ብረቱ ማጅራታቸውን መትቷቸው ነው። ዋናው ማጥፊያ ደግሞ በእጅ ወርዷል።»

«ሰዓቱስ?»

«እሱን ነው የምነግርዎት!» ወደ ኢንቨርተሩ ጠቆመ። «ልክ ሳበራው ሰዓቱ ከቆመበት ተነሳ። ሁለት ከሃምሳ! የሞተ ሰው ክንድ ላይ የቆመ ሰዓት በሉት። መዝገቡም ያንኑ ነው የሚለው፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት ከሃምሳ ላይ በእጅ ጠፋ።»

«አበራኸው?»

«ለማየት ያህል…»

«ለማን ለማን ነገርክ?»

ሃምሳ አለቃው አንገቱን አከከ። «ለቤተሰቡ። ሳሎን ተቀምጠው ሲጨነቁ አይቼ…»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። ቀያሹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ራሳቸው ላይ ለምልክት እንኳ ፀጉር ያልቀረላቸው መላጣ ሽማግሌ ነበሩ። ግራጫ የሱፍ ሹራብ ለብሰዋል። ሹራቡ ደረት ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ብጥስጣሾች ተለጥፈዋል።

«ክር ነው» አለ ሃምሳ አለቃው ከበላይዋ። «እህትየው ልብስ ሰፊ አይደሉ? ቤቱ ሁሉ ክር ነው።»

እሷ ግን ብጥስጣሾቹን በወረቀት አንስታ ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ የሹራቡን ኪስ ዳበሰች፤ አንድ የተጠቀለለ ደብተር ወጣ። ቀያሹ መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚለካ ሲያጡ ፀሐይን መለካት ጀምረዋል። ደብተሩ ላይ የየወሩ የኤሌክትሪክ መጠን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተደርድሯል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሮች ወጣ ገባ አይሉም። ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቁጥሮቹ ጎን ቃላት ብቅ ይላሉ፦ «ሰው አለበት»፣ «ዛሬም ተወስዷል»፣ «ከቤቴ ውስጥ ነው»። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ፦

«ነገ ራሴ አጠፋዋለሁ። መብራት ምን ሆነ ብሎ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ሌባው ነው።»

ደብተሩን ዘግታ ተነሳች። የኢንቨርተሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ በአቧራና በክር ብናኝ ታፍኖ ልክ የድመት ጀርባ መስሏል።

ቤተሰቡን አንድ በአንድ የጠየቀችው በእህትየው የስፌት ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የገቡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። እጃቸው ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ እያለቀሱም የነጠላቸውን ጫፍ ይሸበሽባሉ።

«ሁለት ዓመት ሆነን ሰላም ካጣን። መብራቱ እየቀነሰ መጣ። ወንድሜ ደግሞ ነገር ከገባቸው አይወጣላቸውም። ሰው እየሰረቀኝ ነው አሉ።»

«ማንን ጠረጠሩ?»

«ማንን ያልጠረጠሩት አለ? ተራ ደርሶናል። እኔን ካውያ ደብቀሽ ትተኩሻለሽ አሉኝ። ዕድሜ ልኬን አብሬያቸው የኖርኩትን!»

«ተኩሰው ያውቃሉ?»

እትዬ አንገታቸውን ሰበሩ። «አንድ ቀን። የሙሽራ ልብስ ነበር፤ ምን ላድርግ?»

ቀጥላ የገባችው ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ጸሐፊ ናት። ለጠበቆች ማመልከቻና ውል በኮምፒውተር ትጽፋለች። ዓይኗ ደርቋል፤ በማልቀስ ፋንታ ተቆጥታለች።

«ትናንት ተጣላችሁ አሉ» አለች መርማሪዋ።

«ደንበኛዬ ፊት ማተሚያዬን ከሶኬቱ ነቀሉት። ሌባ አሉኝ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ይኼ መብራት አንድ ቀን ይገድልዎታል አልኳቸው። አፌን በቆረጠው!»

«ዛሬ ሁለት ከሃምሳ ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፤ ክፍሌ ውስጥ።»

«መብራቱ ሲጠፋ ምን አደረግሽ?»

«የቱ መብራት? አልጠፋም እኮ! ሦስት ከአሥር ላይ ጠበቃው ደውሎ አንድ መስመር አስለወጠኝ። አስተካከልኩ፣ አተምኩ፣ አራት ሰዓት ላይ ይዤለት ሄድኩ።»

ሃምሳ አለቃው ከጥግ ሆኖ ሳቀ። «ታዲያ ኢንቨርተሩ ነው የሚዋሸው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ልጅቷ። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

ሦስተኛው የቀያሹ አማች ነው፤ የአንድያ ልጃቸው ባል። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጎታል። እጁ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ ደንበኛ የሚወደው ዓይነት ሰው ነው።

«ጠዋት ባለቤቴን ክሊኒኳ ድረስ ሸኘኋት። መድኃኒት ክፍል ነው የምትሠራው። እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ እዚያው ነበርኩ፣ ከጥበቃው ጋር ስንጫወት። ሦስት ተኩል ላይ ከፈትኩ።»

«መብራት ነበር?»

«አልነበረም። አልገረመኝም ግን፤ ኢንቨርተሩ ያረጀ ነው፣ ሲሻው ይጠፋል። የመጣልኝ አንድ ደንበኛ ነው፤ በመቀስ ጨረስኩለት። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ይጠይቁት።»

«ጋሼ ቀያሹን መብራቱ ምን ሆነ ብለህ አልጠየቅክም?»

«ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ የት እሄዳለሁ?»

የቀያሹ ልጅ ከክሊኒኩ እየሮጠች መጥታ ሳሎን ጥግ ተቀምጣለች። ነጭ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። መርማሪዋ ጠጋ ስትላት ቀና ብላ «አባዬ ተሰቃይቶ ነው?» አለቻት። መርማሪዋ ሐኪሙን ሳትጠይቅ መልስ መስጠት አልፈለገችም።

የጥበቃው ቃል ከአማቹ ቃል ጋር ገጠመ። በሁለት ከሃምሳ ቤቱ ውስጥ ከቀያሹ ሌላ የነበረች ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ሃምሳ አለቃው ልጅቷን ይዟት ሄደ። ሰፈርተኛው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያያት አንገቷን አልደፋችም፤ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እስቲ ቆይ» አለች መርማሪዋ ለራሷ።

ያን ዕለት የሥራ ሰዓት ከማለቁ በፊት ጠበቃው ቢሮ ደረሰች። ጠበቃው ስልኩን አሳያት፦ ሦስት ሰዓት ከአሥር። ውሉንም አሳያት፤ በስልክ ያስለወጠው መስመር ታትሞ ተቀምጧል።

«ስንት ሰዓት አመጣችው?»

«አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከዚያ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጣ አብረን ስናርም ስድስት ሰዓት ሆነን። ምነው? ምን አደረገች?»

የልጅቷ ኮምፒውተርም ማተሚያም ያለ መብራት አይሠሩም። እንግዲህ ከሦስት ከአሥር በኋላ መብራት ነበረ ማለት ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ ዋሽቷል።

ሐኪሙ ደግሞ በስልክ አጭር ቃል ሰጣት። ቀያሹ ተገፍተው በጀርባቸው ወድቀዋል። ወዲያው ግን አልሞቱም። «ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም አንድ ሰዓት ተንፍሰዋል» አለ። «ቶሎ ቢመጡልኝ አንድ ነገር ይደረግ ነበር።» በፖስታ ስላሳየችው ብጥስጣሾችም ነገራት፤ እሷም ሰምታ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ መርማሪዋ ናት። ሌላው ሶላር ጠጋኝ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ስላለ ከተማው ሁሉ «ፍንጭት» ይለዋል። ፍንጭት የኢንቨርተሩን ክዳን ፈትቶ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አበራ።

«ውይ፣ አባቴ! ስንት ዓመት ሠርተሃል?» አለ ዕቃውን እንደ ሰው እያናገረ። «አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው እኮ። እንዲህ ያለው አሥር ከሠራ እሰይ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«እነዚህን ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉትን ይዩ። ካፓሲተር ይባላሉ። አናታቸው አብጧል፣ ውስጣቸው ደርቋል። ማራገቢያውም ታፍኗል። ሰሌዳዎቹ መቶ ቢልኩለት ለቤቱ ሰባ ቢያደርስ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ እዚሁ ይቀራል። ሙቀቱ ደግሞ የባሰ ያደክመዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ራሱን ለማዳን ድርግም ይላል፤ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ቀዝቀዝ ብሎ ይነሳል።»

«ሽማግሌው ሰው ይሰርቀኛል ይሉ ነበር።»

ፍንጭት ራሱን ነቀነቀ። «ከጣሪያ እስከ መሬት ለክቻለሁ። የተደበቀ ሽቦ የለም፤ ያለ ቦታው የሚሄድ አንዲት ዋት የለችም። አንድ ሰው ጠርተው ቢያስዩት በአንድ ጠዋት ይነግራቸው ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ዕቃው ጠቆመች። «ሰዓቱስ?»

«የትኛው?»

«የኢንቨርተሩ ሰዓት። ልክ ነው?»

ፍንጭት ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደና እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አወጣ፤ መለካት ጀመረ፤ ፈገግ አለ። «ሞታለች። ይቺ ናት ዕቃው ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥለው። እሷ ከሌለች ሲጠፋ ሰዓቱም ይቆማል፣ ሲነሳ ከቆመበት ይቀጥላል። በሙቀት አሥር ደቂቃ በጠፋ ቁጥር አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ቁልፍ ካልተጫኑ ፊት ለፊት ስለማይታይ ማንም ልብ አይለውም።»

«የትናንትናውን መዝገብ አውጣልኝ። ጠዋት ሰሌዳዎቹ ኤሌክትሪክ መላክ የጀመሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ፍንጭት ቁልፎቹን ተጫነ። አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ።»

ሁለቱም ወደ ክፍሏ ትንሽ መስኮት ተመለከቱ። ውጭ ገና ግራጫ ነው። መርማሪዋ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ መዳፏ ላይ አኖረች፤ ዓይናቸውን ከኢንቨርተሩ ሳይነቅሉ ጠበቁ። ከሰሌዳዎቹ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየው የኢንቨርተሩ ዜሮ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አምስት ሲቀየር ሰዓቷ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ከሃያ ይላል።

«ፀሐይ በአንድ ቀን ልዩነት ይህን ያህል አትተኛም» አለች።

ከዚያ የሄደችው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ነው። ሹፌሩ በአምሳዎቹ ያለ፣ ሆዱ መሪው ላይ የሚያርፍ ሰው ነው። የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቡ ድረስ ደፍቷል።

«እውነቱን ነው የነገረዎት» አለ ሳይጠየቅ። «ስደርስ መብራት አልነበረም። በመቀስ ነው የሠራኝ።»

«ቆቡ አይሞቅዎትም?»

«ብርድ… ጉንፋን ይዞኛል።»

ሹፌሩ ትኬት ቆራጩን ሊጣራ ዞር አለ። መርማሪዋ ማጅራቱን አየች። ከቆቡ በታች በቀኝ ጆሮው በኩል ፀጉሩ እንደ ወረቀት እኩል ተላጭቷል። በግራ ጆሮው በኩል ግን ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተቆርጧል፤ ከጆሮው ጫፍ ላይም አንዲት ትኩስ ጭረት አለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀያሹ ቤት እንገናኝ» አለችው።

«ተራዬ ነው እኮ! ተሳፋሪ…»

«ይጠብቅዎታል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስፌት ክፍሉ ሞላ። እትዬ መኪናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። የሟች ልጅ ጥቁር ለብሳ ከባሏ አጠገብ ናት፤ እጇን ይዟታል። ጸሐፊዋን ሃምሳ አለቃው አምጥቷታል፤ ሌሎቹ ቦታ ያስፉላታል፣ ግን ማንም አጠገቧ አይቀመጥም። ፍንጭት በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሹፌሩ ከነቆቡ ጥግ ይዟል።

«ረጅም ነገር አላወራም» አለች መርማሪዋ። «ሃምሳ አለቃ ቀያሹ የወደቁት በሁለት ከሃምሳ ነው ብሎ ነበር። ያለው እሱ አይደለም፤ ኢንቨርተሩ ነው። ያ ኢንቨርተር ደግሞ የዚያኑ ቀን ፀሐይ የወጣችው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ ነው ብሎ መዝግቧል።»

እትዬ «ኧረ ባክሽ!» አሉ ሳያስቡት።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ እትዬ። ዛሬ ከዚህ ሰው ጋር ተቀምጬ አየሁ፤ ሰሌዳዎቹ የሚነሱት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ከሃያ ነው። ስለዚህ የኢንቨርተሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። አርጅቷል፤ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይቆማል። እሱ ሁለት ከሃምሳ ሲል እኛ ዘንድ አራት ተኩል ነበር።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ከመሬት አነሳች።

«በአራት ተኩል እሷ ጠበቃው ፊት ተቀምጣለች። እትዬን ጨርቅ ሻጩ ያስታውሳቸዋል፤ ዋጋ ሲከራከሩት አድርቀውት ነበር። የሟች ልጅ ክሊኒክ ናት። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ቀያሹ፣ ፀጉር አስተካካዩና አንድ ደንበኛ ናቸው።»

አማቹ እጁን ከሚስቱ እጅ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። «እኔ ስከፍት መብራት አልነበረም አልኩ እንጂ…»

«ሦስት ተኩል ላይ ከፈትክ። መብራቱ እስከ አራት ተኩል ነበረ። እሷ እንኳ ከአንተ በሁለት ግድግዳ ማዶ ማተሚያ እያሠራች ነበር። ታዲያ ለምን አልነበረም አልክ? ሃምሳ አለቃ ሳሎን ውስጥ ሁለት ከሃምሳ ሲል ሰምተሃል። ያን ሰዓት ክሊኒኩ በር ላይ ነበርክ። ከሰማይ የወረደ ሲሳይ መሰለህ፤ ታሪክህን በእሱ ልክ ሰፋኸው።»

«ማብሪያውን አልነካሁትም፤ የለም ብዬ ገምቼ ይሆናል። በመቀስ ነው የሠራሁት! እሱ ምስክሬ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ጥጉ ዞረች። «ጋሼ ሹፌር፣ ቆብዎን ያውልቁልን።»

«ጉንፋን…»

«ያውልቁት።»

ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ። ቀኝ በኩል በማሽን የተላጨ፣ ለጥ ያለ። ግራ በኩል ፍየል የጋጠው ቁጥቋጦ። በሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

«አንድ ራስ ላይ መብራት ነበረም፣ አልነበረምም» አለች መርማሪዋ። «ማሽኑ የቆመው መሃል ላይ ነው።»

ሹፌሩ ላብ አጠመቀው። ወደ አማቹ ሊያይ ሞከረና አልቻለም። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። እኔ ነገሩ እዚህ የሚደርስ አልመሰለኝም። ከፖሊስ ጣጣ አውጣኝ አለኝ፤ እሺ አልኩ። ማሽኑ ቀጥ ሲል ‹ጋሼን አናግሬ መጣሁ› ብሎ ገባ። ጋዜጣዬን አገላብጬ ጨረስኩ። ሲመለስ እጁን ታጥቦ ነበር። መቀስ አነሳ። እጁ ግን… ጆሮዬን ቆረጠኝ። ምነው ስለው ‹ሽማግሌው እንደ ልማዱ ነው› አለኝ።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ፖስታውን አወጣች። «ይህ ከቀያሹ ሹራብ ላይ የተነሳ ነው። ሁላችንም ክር መሰለን። ሐኪሙ አይቶታል፤ አዲስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፀጉር ነው። ቀያሹ ደግሞ መላጣ ናቸው። ደረታቸው ላይ በግራና በቀኝ፣ ልክ ሁለት መዳፍ ባረፈበት። ከሰው ራስ ላይ የተነሱ፣ ያልታጠቡ ሁለት መዳፎች።»

አማቹ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ደፋቸው።

«መግደል አልፈለግኩም» አለ። ያ የተመጠነ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ገባሁ። ማጥፊያውን ይዘው ቆመዋል። ‹ጋሼ፣ ሰው ወንበር ላይ አለኝ፣ ምን ሆነ?› አልኳቸው። ሳቁ። ‹መጣህ! አንተ መሆንህን አውቄ ነበር› አሉኝ። ሌባ አሉኝ። ልጄን ለሌባ ነው የሰጠሁት፣ ማታ ስትመጣ እነግራታለሁ አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ አጎንብሼ ነው የኖርኩት፤ ማሽን በሰካሁ ቁጥር አጎንብሼ። ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል» አለች መርማሪዋ በዝቅታ። «ቀድሞ የሚመጣው ሌባው ነው ብለው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነበር ቀድሞ የሚመጣው። ሌላ ማን ይመጣል?»

እትዬ ወደ ፍንጭት ዞሩ። «ማን ነበር ታዲያ የሚሰርቀው?»

ፍንጭት በሩን መደገፉን ተወ። «ማንም፣ እናቴ። ዕቃው አርጅቶ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሁሉም እንዲህ ይሆናል።»

«ማንም?»

«ማንም።»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ተነሱ፤ ክፍሉን አቋርጠው ከጸሐፊዋ አጠገብ ባዶ የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እኔም አንቺ ነሽ ብዬ አምኜ ነበር» አሏት። ልጅቷ ከአጠገባቸው አልተነሳችም።

የሟች ልጅ ወደ ባሏ ዞረች፤ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ሕመምተኛ እንደምትጠይቅ ሁሉ ቀስ ብላ፣ ቃል ሳትዘልል ጠየቀችው።

«ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

«ደንግጬ ነበር…»

«ይተነፍስ ነበር ወይ?»

«ይሰማኝ ነበር። በሩን ዘጋሁት። ሹፌሩ እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁት።»

«ክሊኒኩ ከዚህ ስንት ደቂቃ ነው?»

ሁሉም ያውቁታል፤ አሥር ደቂቃ በእግር። በየጠዋቱ ሲሸኛት የሚሄደው እሱ ራሱ ነው።

ሃምሳ አለቃው ክንዱን ይዞ አስነሳው። በር ላይ ሲደርስ ሊናገራት ዞረ፤ እሷ ግን አላየችውም። ሹፌሩ ቆቡን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ተከትሏቸው ወጣ። ውጭ የመኪናው በር ተዘጋ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

መርማሪዋ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀምራ ነበር።

«ቃሌን አልሰጠሁም» አለች የሟች ልጅ።

«ዛሬ ግድ አይደለም፤ ሌላ ቀን…»

«ዛሬ ነው የምሰጠው። ነገ አንዱን ልረሳው እችላለሁ።» ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «አባቴ ያለ ምንም ማስረጃ ሌባ ብሎታል። እሱን አንድ ሳታስቀሩ ጻፉልኝ። ባለቤቴ ደግሞ አባቴ እየተነፈሰ በር ዘግቶበት ሄዷል። እሱንም ጻፉ። ሁለቱንም።»

መርማሪዋ የዘጋችውን የራሷን ደብተር እንደገና ከፈተች፤ ከላይኛው መስመር ላይ ቀኑን ጻፈች፣ ከዚያም «እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለቻት።